«ነጯ ክኒን»፦ የአንዲት እንጀራ ጋጋሪ ጉዳይ ከድሬዳዋ

ስለ ጉዳዩ

ይህ የአንዲት የድሬዳዋ እናት ጉዳይ ነው። ስሟን አልጽፍም። ሰፈሯንም ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነው ብዬ አልፋለሁ። ጉዳዩ እንዲጻፍ ራሷ ፈቅዳለች። «ጻፈው፣ ሌላዋ እንዳትሞኝ» ነው ያለችኝ።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ያለ ሐኪም ማዘዣ መድኃኒት የሚጠይቅ ሰው የማይመጣበት ቀን የለም። ከብዙዎቹ ይህን የመረጥኩት ምክንያት አለኝ። ራስን በራስ ማከም ሲነሳ ወሬው ሁሉ ወደ «ሕዝቡ አያውቅም» ይሄዳል። ይህች ሴት ግን ከብዙዎቻችን የተሻለ ሒሳብ ታውቃለች። ክኒኑንም የገዛችው አስልታ ነው። ችግሩን ለመፍታት ሒሳቡን ራሱን ማየት ነበረብን።

ቤቱ

ታሪኩ ሲጀምር በ2011 ዓ.ም. 46 ዓመቷ ነበር። ባሏ ጫት ጭነት ላይ ይሠራል። ገቢው አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። ልጆቻቸው ሦስት ናቸው፤ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት። የሚኖሩት በኪራይ ቤት ነው።

ቤቱን ቀጥ አድርጎ የያዘው የእሷ ምጣድ ነው። ጤፉን ከማሽላና ከሩዝ ዱቄት ጋር ቀላቅላ ትጋግራለች። ደንበኞቿ ሁለት ምግብ ቤቶችና የሰፈር ሱቆች ናቸው። የድሬን ሙቀት ለማምለጥ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ምጣድ ትጥዳለች። መብራት ሲጠፋ በማገዶ ትቀጥላለች። እንጀራው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ምግብ ቤቱ መድረስ አለበት።

የወጪውን ቅደም ተከተል አንድ ቀን በጣቷ ቆጠረችልኝ። ቤት ኪራይ ይቀድማል። ቀጥሎ ዱቄት፤ ዱቄት ከሌለ ነገ የለም። ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ዕቁብ፣ ዕድር፣ የባልየው ጫት። ከዚህ ሌላ ለቁልቢ ገብርኤል ስለት በቆርቆሮ የምታጠራቅመው ገንዘብ አለ። እሱ አይነካም፤ ልጅ ቢታመምም አይነካም።

ለሕክምና የተመደበ ቦታ በጣቶቿ መካከል አልነበረም። ታዲያ ክኒኑ ከየት ይገዛ ነበር? ከመብራት ካርድና ከማገዶ ጋር ነበር የምትደምረው። የጋገራ ወጪ ነው።

ይህን ስሰማ ብዙ ነገር ገባኝ። ሐኪም ቤት መሄድ ለእሷ ካርድ፣ ሰልፍ፣ ላብራቶሪ፣ እንደገና ሰልፍ ነው። አንድ ሙሉ ቀን ይበላል። በዚያ ቀን እንጀራ ያልደረሰው ምግብ ቤት ሌላ ጋጋሪ ይጠራል። የሄደ ደንበኛ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። ክኒኑ ግን በሳንቲም ይገዛል፣ በየቀኑ ይገዛል፣ ከሥራም አያስቀርም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ክኒኑን ነበር የምገዛው።

ሕመሙ እንዴት ጀመረ

በ2011 ክረምት ድሬዳዋን ቺኩንጉንያ እንዴት እንዳመሳት የከተማው ሰው አይረሳውም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ። አንድ ቤት ውስጥ ሁሉም ተኝቶ ውኃ የሚያቀብል የጠፋበት ጊዜ ነበር። በሽታውን የምታስተላልፈው ኤዴስ የምትባለው ትንኝ ናት። በቀን ትናደፋለች፤ የምትራባውም ንጹሕ ውኃ በተጠራቀመበት ነው። ድሬ ውስጥ ደግሞ ውኃ እየመጣ ስለሚጠፋ በርሜል የሌለው ግቢ አይገኝም። ከዚያ በፊት በ2006 ዓ.ም. ደንጊ የተባለው የትኩሳት በሽታ የገባውም በዚሁ መንገድ ነው።

እሷን ነሐሴ ላይ ያዛት። ትኩሳቱ በሳምንት ውስጥ ለቀቃት። የመገጣጠሚያ ሕመሙ ግን አልለቀቀም። የእጅ አንጓ፣ ጣቶች፣ ቁርጭምጭሚት። የቺኩንጉንያ ጠባዩ ይህ ነው። ብዙ ሰው በሳምንታት ይድናል፤ አንዳንዱ ላይ ግን ሕመሙ ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት ይቆያል። ዕድሜው 40 ያለፈ ሰው ላይና ሴቶች ላይ ይበረታል። ቫይረሱን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። የሚታከመው ሕመሙ ነው።

ሊጥ የምታቦካ ሴት አንጓዋ ሲያብጥ ምን ታደርጋለች? መጀመሪያ ፓራሲታሞል ወሰደች። ቀጥላ ሰፈሩ ሁሉ «ዲክሎ» ወደሚለው ዲክሎፌናክ ሄደች። 50 ሚሊ ግራሙን በቀን ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ ኋላ ላይ አራት። ሐኪም ያዘዘለት ሰው እንኳ በቀን ከ150 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም።

ጥቅምት 2012 ላይ አንድ መድኃኒት መሸጫ አንዲት ነጭ ክኒን ጨመረላት። ለሪህ ነው ተባለች። ስም የለው፣ አወሳሰድ የለው፣ በወረቀት ተጠቅልሎ በቁጥር ይሰጣታል። በሁለተኛው ቀን ጨርቅ መጭመቅ ቻለች። ከዚያ ወዲያ «ነጯ» የቤቱ ባለውለታ ሆነች። በቀን አራት ትወስዳለች።

ነጯ ፕሬድኒሶሎን ነበረች፤ 5 ሚሊ ግራም። እብጠትንና ሕመምን በፍጥነት የሚያበርድ ስቴሮይድ ነው። በሐኪም እጅ ሲሆን ሕይወት ያተርፋል። በሕግም በማዘዣ ብቻ የሚሸጥ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን የደም ግፊትና ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል። ሌላም ነገር አለ። ሰውነታችን ተመሳሳይ ሆርሞን ከኩላሊት በላይ ባሉት ዕጢዎች በራሱ ይሠራል። ከውጭ በየቀኑ ሲገባለት መሥራቱን ይተዋል። ይህ ነጥብ ኋላ ላይ ሊገድላት ነበር።

ፊቷ ሞላ፣ ክብ ሆነ። ሆዷም ገፋ። ጎረቤቶቿ «ኧረ ወፈርሽ! ምን አግኝተሽ ነው?» ይሏታል። እሷም ደስ አላት። በእኛ ሀገር ፊት ሲሞላ ማን በሽታ ነው ይላል? ባልየውም ተስማማት ብሎ ነበር።

የዕለቱ አኗኗሯም አልረዳትም። ጠዋት እንጀራውን ካስረከበች በኋላ ሻይ በዳቦ ትቀምሳለች። ከምሳ በኋላ ከጎረቤቶቿ ጋር በርጫ ላይ ትቀመጣለች። ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ምሳው አንዳንዴ ጭራሽ ይቀራል። ዲክሎውንና ነጯን በባዶ ሆድ፣ በቡና ትውጣለች። ሁለቱ መድኃኒቶች አንድ ላይ ሲወሰዱ ጨጓራን የማቁሰልና የማድማት አደጋቸው በእጅጉ ይጨምራል። ሲያቃጥላት ፌጦ በሎሚ ትጠጣበት ነበር፤ የባሰ አቃጠላት።

መጋቢት 2012 ኮሮና መጣ። ምግብ ቤቶቹ ትእዛዝ ቀነሱ። ሐኪም ቤት መሄድም አስፈሪ ሆነ። ነጯ ብቻ ቀጠለች።

መውደቋ

ኅዳር 2013 ላይ ሌሊት ምጣዱ ፊት ወደቀች። ክንዷ ተቃጠለ። ከዚያ በፊት ለሳምንታት ዓይኗ ይጨልምባት ነበር። ሰገራዋም እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም። «ጨጓራ ነው፣ ያልፋል» ብላ ነበር።

ሆስፒታል ስትደርስ የደም ማነስ የሚለካበት ሄሞግሎቢኗ 6.4 ሆኖ ተገኘ። ለአዋቂ ሴት 12 እና ከዚያ በላይ ነው ጤነኛው። ጨጓራዋ እየደማ ነበር። ደም ተሰጣት፤ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞልና የደም ማነስ መድኃኒት ታዘዘላት። ዲክሎ ዳግመኛ እንዳትነኪ ተብላ ወጣች።

ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ ተብላ ስትጠየቅ «ዲክሎ» ብቻ ነው ያለችው። ነጯን አልጠቀሰችም። ለምን እንደሆነ ኋላ ጠየቅኳት። «እሷማ ለጉልበቴ ናት፣ መድኃኒት መች ናት?» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ይነጥቁኛል ብዬም ፈርቼ ነው» አለች። አልጋ ላይ እያለች እንኳ ከቦርሳዋ እያወጣች ትውጥ ነበር።

ቤት ስትገባ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ልጇ ተናደደች። ቤት ውስጥ ያለውን ክኒን ሁሉ በፌስታል ሰብስባ ጣለችው። የሚመሰገን ሐሳብ ነው። ውጤቱ ግን ከመድማቱ ያልተናነሰ ነበር። በሦስተኛው ቀን እናትየዋ ማስመለስ ጀመረች። መነሳት አቃታት። ሰውነቷ ሁሉ ደቀቀ።

ልጅቷ እኔ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት የመጣችው ያን ቀን ነው። «ለሚያስመልስ የሚሆን ነገር ስጠኝ፣ ኦአርኤስም ጨምርልኝ» አለች። እናቷ ምን ስትወስድ እንደነበር ጠየቅኳት። ዲክሎን ጠራች፣ ኦሜፕራዞልን ጠራች። «ከዛ ደግሞ ነጯ ነበረች፣ እሷንም ጥያታለሁ» አለች። ነጯ ምን እንደሆነች አታውቅም። አንድ ጊዜ ግን በቁጥር የሚሸጠው አልቆ በስትሪፕ እንደተገዛች ታስታውሳለች። ሮጣ ሄዳ ባዶውን ስትሪፕ ከአልጋ ሥር አመጣችው። ስሙ ተጽፎበታል።

ፕሬድኒሶሎን ከአንድ ዓመት በላይ ወስዶ በድንገት ማቆም ማለት ሰውነትን ያለ አስፈላጊ ሆርሞን መተው ማለት ነው። ግፊት ይወርዳል፣ ያስመልሳል፣ ይገድላል። የማስመለሻ ማቆሚያውን አልሸጥኩላትም። በወረቀት ላይ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተወሰደና መቼ እንደቆመ ጻፍኩላት። በባጃጅ ወደ ድንገተኛ ክፍል ወሰዷት። ግፊቷ 80 በ50 ነበር። ወረቀቱን ያነበበው ሐኪም ወዲያው የጎደላትን ሆርሞን የሚተካውን ሃይድሮኮርቲሶንና ግሉኮስ አስጀመራት። በማግሥቱ ተቀምጣ ሾርባ ጠጣች።

ከዚያ በኋላ የተደረገው

የመጀመሪያው ሥራ ነጯን ቀስ በቀስ መቀነስ ነበር። ለመተው መልሶ መውሰድ መሆኑ ለቤተሰቡ ግራ ነበር። ባልየው «መርዝ ነው አላላችሁም?» ብሎ ተቆጣ። ሐኪሙ በየጥቂት ሳምንታት ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ ለወራት የሚሄድ ዕቅድ አወጣላት። ልጅቷ ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር የእያንዳንዱን ቀን ክኒን ቁጥር ጻፈች። እናትየዋ በዋጠች ቁጥር ልጅቷ ታጠፋዋለች። መድኃኒቱን የሚይዘው የልጅቷ እጅ ሆነ።

የሰገራ ምርመራ የጨጓራ ባክቴሪያ ስላሳየ ለ14 ቀን የሚወሰድ ሕክምናም ተሰጣት። እሱ ያለ ብዙ ችግር አለቀ።

ከባዱ ገንዘቡ ነበር። የስለቱን ቆርቆሮ ማንም አላነሳባትም፤ እኔም አላነሳሁም። መፍትሔው ከዕቁብ መጣ። ተራዋ ገና ሩቅ ነበር። የዕቁቡ ዳኛ ጉዳዩን ለአባላቱ አቀረበ። አንዲት ሙስሊም ጎረቤቷ ለልጇ ሰርግ የጠበቀችውን ተራ ለቀቀችላት። በዚያ ገንዘብ የሆስፒታሉ ዕዳ ተከፈለ፣ የሁለት ወር ኪራይ ተያዘ። ከቀረው ደግሞ ለምጣዱ ማስቀመጫ ተሠራ።

ማስቀመጫው ቀልድ ይመስላል፤ ግን ከመድኃኒቱ እኩል ነው የማየው። እስከዚያ ድረስ ዝቅ ብላ ተቀምጣ፣ አንጓዋን አጥፋ ነበር የምትጋግረው። ብረት በያጅ እስከ ወገብ የሚደርስ እግር ሠራለት። አሁን ቆማ፣ ሲደክማትም ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትጋግራለች። ማቡካቱን ትልቁ ልጅ ወሰደ። መጀመሪያ ጓደኞቹ እንዳያዩት በር ዘግቶ ነበር የሚያቦካው። የሊጥ ባልዲ ማንሳትና ውኃ መቅዳት የባልየው ሆነ። ከሁለቱ ምግብ ቤቶች አንዱን ተወች፤ ሌላኛውን አንድ ቀን እየዘለለች እያዳረሰች ያዘች።

ሕመሙን በፓራሲታሞል፣ ጠዋት እጅን ለብ ባለ ውኃ በመንከርና ጣቶችን በማንቀሳቀስ ያዘችው። እንደ ነጯ አይደለም። ይህን በግልጽ ነገርናት።

ያልሠራው

ንግግር አልሠራም። መጀመሪያ ሰሞን ቤታቸው ሄጄ ስለ መድኃኒት ጉዳት ረዘም አድርጌ አወራኋቸው። በትሕትና ሰሙኝ፣ ቡና አጠጡኝ። ነገሩ የተለወጠው ዕቁቡና ምጣዱ ሲስተካከሉ ነው።

የባልየውን ጫት መቀነስ አልሠራም። እሱ ራሱ ነበር ያቀረበው፤ ብዙም አልሄደበት። እሷ ግን ከበርጫው ባትቀርም ምሳ ሳትበላ አትቀመጥም። የተደረገው መሻሻል ይኸው ነው፤ ትንሽ አይደለም።

ጨው ቀንሺ ተብላለች። ግፊቷ ነጯን ካቆመች በኋላም ከ150 በ95 አልወርድ ስላለ አምሎዲፒን ጀምራለች። ጨው የሌለው ሽሮ ግን አልበላም ብላለች።

ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ግማሽ ሠርቷል። ምዝገባው የራሱ ወቅት ስላለው ካርዱን ለማግኘት መጠበቅ ነበረባት። ካገኘች በኋላ ምርመራው ቀሎላታል። መድኃኒቱ ግን አንዳንዴ ጤና ጣቢያው ውስጥ የለም ተብላ ከግል ትገዛለች። ይህ ሲደጋገም «መድህኑ ምን ሠራልኝ?» ማለቷ አልቀረም። ቢሆንም በየዓመቱ ታሳድሳለች። በጣቶቿ ቆጠራ ውስጥ ከዕድር ቀጥሎ ገብቷል።

በ2014 የገጠማቸው ፈተና

በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ወባ ተነሳ። ከተማ ውስጥ፣ ያውም በደረቁ ወቅት። ሌላ ሀገር የከረመች አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ትንኝ ናት ያመጣችው። እሷም እንደ ኤዴስ በበርሜልና በታንከር ውኃ ትራባለች።

ትልቁ ልጅ ሚያዝያ ላይ ትኩሳት ያዘው። የጥንቱ አካሄድ ቢሆን ዲክሎ ይሰጠው ነበር። ደንጊ ቢሆን ኖሮስ? ደንጊ የያዘው ሰው ላይ ዲክሎና አስፕሪን መድማትን ያባብሳሉ። ከላይ ሲታዩ ደንጊ፣ ቺኩንጉንያና ወባ መጀመሪያ ቀን ላይ አይለዩም። በዚህ ጊዜ እናትየዋ ፓራሲታሞል ሰጥታ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ደሙ ሲታይ ወባ ነው። ኮአርተም ለሦስት ቀን ተሰጠው። በሁለተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ ሊተው ሲል የተቆጣችው እሷ ናት። የቀረውን ክኒን ለሌላ ጊዜ ብሎ ማስቀመጥም ቀርቷል። በርሜሎቹም ክዳን ተሠራላቸው።

ለሌላ ቤት የሚተርፍ

ከዚህ ጉዳይ የወሰድኩት መጀመሪያ ይህ ነው። ሰው ክኒን በየቀኑ ከገዛ፣ ክኒኑ የትኛውን ሥራ እያስቻለው እንደሆነ ጠይቁ። ሥራው ካልተለወጠ ክኒኑን መንጠቅ ብቻውን አይሠራም። እዚህ ቤት ምጣዱን ከፍ ማድረግና ሊጡን ለሌላ ሰው መስጠት ነው መንገድ የከፈተው።

ስም የሌለው ክኒን አይገዛ። ሻጩ ስሙን በወረቀት ላይ ካልጻፈ አይከፈል። ማንበብ ለማይችል ሰው ልጁ ያንብብለት። ባዶ ስትሪፕ አይጣል፤ አንድ ቀን ሐኪሙ የሚፈልገው እሱን ነው። ሆስፒታል ስትሄዱ የምትወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ለጉልበት የተባለውን፣ ቅጠሉንም፣ ከውጭ ዘመድ የላከውንም። ሐኪም ሲጠይቅ «ሌላስ? ለሪህ? ለጉልበት?» ብሎ መጨመር ይኖርበታል። በዚህ ጉዳይ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ሁለተኛውን የሆስፒታል ጉዞ ያስቀር ነበር።

ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ነገር በድንገት አይቁም። ልጆች ይህን መስማት አለባቸው፤ በብዙ ቤት የሚያጸዱት እነሱ ናቸው። ጥቁር ሰገራ ደግሞ ጨጓራ ነው ተብሎ አይታለፍም፤ በዚያው ቀን ይታያል። የደም ማነስ ክኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው ሊጠቁር ይችላል፤ ቢሆንም ማዞር ካለበት አይጠብቅ። በጥቂት ወራት ውስጥ ፊቱ ክብ ሆኖ የሞላ ሰው ስታዩም «አማረብህ» ከማለታችሁ በፊት ምን እየወሰደ እንደሆነ ጠይቁት።

ዕቁብና ዕድር የሕመም አንቀጽ ቢኖራቸው ጥሩ ነው። የዚህ ዕቁብ አባላት ከዚያ ወዲህ ተራ ማስለወጥን በደንባቸው አስገብተዋል። አንድ ሰው ሲታመም ዳኛው ፊት መለመን የለበትም።

ጣቶቿ ጠዋት ጠዋት አሁንም ይደርቃሉ። በቅርቡ መጥታ አንድ የሚቀባ ነገር አሳየችኝ፤ ጎረቤት የሰጣት ነው። ጽሑፉን በልጇ አስነብባ ነበር። «ይህም ዲክሎ ነው ይላል፤ ቅባቱም ጨጓራ ይነካል?» አለችኝ። ወደ ደም የሚገባው በጣም ትንሽ ነው፤ ግን ደምቶ ለሚያውቅ ጨጓራ ሐኪምሽን ጠይቂ አልኳት። ቅባቱን በቦርሳዋ ከተተችው። ለቀጠሮዋ ትይዘዋለች።